ልጄን ከአያቱ የለየሁባቸው ሁለት ዓመታት

አማቴ በልጄ ትምህርት ቤት በር ላይ ቆመው ባየኋቸው ዕለት የነጠላቸውን ጫፍ በግራ እጃቸው ጨብጠው ነበር። በዚያ ጫፍ ምን እንደተቋጠረ አውቀዋለሁ፤ ባለቤቴ በሕይወት ሳለ እኛ ቤት በመጡ ቁጥር ከደጃፉ ተቀምጠው ያንን ቋጠሮ ይፈቱና የሽንብራ ቆሎውን ገለባ በጣታቸው እየላጡ ለልጁ ያጎርሱት ነበር። የዚያን ዕለት ግን ቋጠሮው ሳይፈታ ቀረ። የልጄን እጅ ያዝሁና ሰላምታ እንኳ ሳልሰጣቸው መንገዱን ተሻግሬ ባጃጅ ውስጥ ገባሁ። ልጄ ዞሮ ያያቸው ነበር፤ እኔ አልዞርሁም። በማግሥቱ ለትምህርት ቤቱ ጥበቃ ከእኔ በቀር ማንም ሰው ልጁን እንዳይረከብ፣ ከበር ላይም እንዳያነጋግረው አሳወቅሁ። ልጄ በዚያን ጊዜ አራት ዓመት ከመንፈቅ ነበር።

ይህን የምጽፈው በጎንደር የማውቃቸው እናቶችም አያቶችም አንድ ጥያቄ ደጋግመው ስለሚጠይቁኝ ነው። አያት የልጅ ልጁን የማየት መብት በሕግ አለው ወይስ ነገሩ በወላጅ በጎ ፈቃድ ላይ ብቻ የተንጠለጠለ ነው? እኔ የሕግ ባለሙያ አይደለሁም። ነገር ግን አማቴ በፍርድ ቤት መዝገብ ከፍተውብኝ ተጠሪ ሆኜ ለወራት የተመላለስሁ በመሆኔ፣ ያን ጊዜ የተማርሁትን ያህል በጥንቃቄ ለመጻፍ እሞክራለሁ።

ጠባችን የጀመረው በልጁ አልነበረም። ባለቤቴ ከጎንደር ወደ መተማ በሚወስደው መንገድ ላይ በደረሰ የመኪና አደጋ ሲያርፍ ልጃችን ገና ሦስት ዓመቱ ነበር። በትዳራችን ዘመን ያፈራነው ዋና ንብረት አንዲት ባጃጅ ነበረች፤ ዋርሳዬ ይነዳት ስለነበር ከአርባው በኋላም በእጁ ቀረች። ገቢዋን ስጠይቅ «የወንድሜ ንብረት ናት» አለኝ፤ አማቴም ልጃቸውን ደገፉ። በሕጋችን ሟች ልጅ ካለው በመጀመሪያ ደረጃ የሚወርሰው ልጁ ነው፤ የሟች ወላጆችም ሆኑ ወንድሞች ተወላጅ እያለ በሕግ ወራሽነት አይመጡም። ስለዚህ የባጃጇ ግማሽ የጋራ ንብረት ድርሻዬ፣ ሌላው ግማሽ ደግሞ የልጄ ውርስ ነበር። ይህንን በወረቀት አረጋግጬ ባጃጇን ባስመልስም ቂሙ ግን አብሯት አልተመለሰም። «የልጄን ንብረት የነጠቀ ቤተሰብ ልጄን አያይም» ብዬ ወሰንሁ። ሁለቱ ነገሮች በምን እንደሚገናኙ ያን ጊዜ ብጠየቅ መልስ የነበረኝ ይመስለኝ ነበር።

ከባጃጁ በላይ ያስቆጣኝ ግን ሌላ ነገር ነበር። ልጃቸው ካረፈ ወዲህ አማቴ ልጄን በስሙ መጥራት ትተው «ምትኬ» ይሉት ጀመር። በአገራችን ይህ የተለመደ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ልጅ የሞተባቸው ብዙ እናቶች ከኋላ የመጣውን «ምትኩ»፣ «ካሳ»፣ «ማስረሻ» እያሉ ይጽናናሉ። እኔ ግን ያ ስም በተጠራ ቁጥር ሆዴ ይላወስ ነበር። ልጄ የራሱ ዕድሜ፣ የራሱ ጠባይ፣ የራሱ ዕጣ ያለው ሰው እንጂ የሞተ ሰው ማካካሻ ሆኖ እንዲያድግ አልፈቀድሁም። አንድ ቀን ልጁ ራሱ «እኔ አባዬ ነኝ እንዴ?» ብሎ ጠየቀኝ። ይህ ጥያቄ ዛሬም ድረስ ትክክለኛ የሆነ ፍርሃት እንደነበረብኝ ያሳየኛል፤ ለዚያ ፍርሃት ያገኘሁለት መፍትሔ ግን ትክክል አልነበረም።

ሽማግሌዎች ሁለት ጊዜ ገቡብን። በመጀመሪያው የንስሐ አባታችን ሳይቀሩ የነበሩበት፣ ቡና ተፈልቶ፣ ዳቦ ተቆርሶ፣ ጉልበት ተስሞ የተለያየንበት እርቅ ነበር። ሽማግሌ የተጣሉ አዋቂዎችን ያስታርቃል፤ በዚህ በኩል ፍርድ ቤት የማይደርስበት ጥበብ አለው። የእኛ ሽማግሌዎች ግን ልጁ አያቱን በየትኛው ቀን፣ ከስንት እስከ ስንት ሰዓት፣ በማን ቤት፣ ማን አድርሶት ማን እንደሚመልሰው አንዲት ነገር ሳይወስኑ «ከእንግዲህ ቤታችሁ አንድ ነው» ብለው ተነሡ። በሦስተኛው ሳምንት አማቴ ሳይነግሩኝ ልጁን ከጎረቤት ወስደው አመሻሽተው መለሱት። እኔ ከቤት ቤት እየዞርሁ ሳለቅስ ዋልሁ፤ እሳቸው ደግሞ «ቤታችሁ አንድ ነው ተብሎ የለም ወይ» አሉ። ሁለተኛው ሽምግልናም በዚሁ ዓይነት ፈረሰ። ከዚያ በኋላ በሬን ዘጋሁ፤ ሁለት ጥምቀት አለፈ። ከዚያ በፊት ጥር 10 ቀን ታቦታቱ ወደ ፋሲል መዋኛ ሲወርዱ ልጄን አዝለው የሚሄዱት እሳቸው ነበሩ።

መጥሪያው የደረሰኝ ልጄ ስድስት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው ነበር። አማቴ ማመልከቻውን ያስጻፉት በፍርድ ቤት በር አካባቢ ከሚቀመጡት ጸሐፊዎች በአንዱ እንደነበር ከአጻጻፉ ያስታውቃል፤ በአንድ ወረቀት ላይ ልጁን የማየት ጥያቄም፣ የሞግዚትነት ጥያቄም፣ የባጃጇ ነገርም ተደባልቆ ነበር። ጠበቃ ያማከርሁት በቁጣ ነበር፤ «የአያት የማየት መብት የሚባል ነገር የለም በሉልኝ» አልሁት። ጠበቃው ግን እኔ የፈለግሁትን አልነገረኝም።

በመጀመሪያ ያስረዳኝ የእኔ ሥልጣን ምን ያህል እንደሆነ ነው። ከወላጆች አንዱ ሲሞት በሕይወት ያለው ወላጅ ብቻውን የልጁ አሳዳሪና ሞግዚት ይሆናል፤ በመሆኑም አማቴ ያቀረቡት የሞግዚትነት ጥያቄ እኔ ብቁ ሆኜ ሳለሁ መሠረት አልነበረውም። የአያቶች ስም በዚህ ረገድ ጎልቶ የሚመጣው ሁለቱም ወላጆች በማይኖሩበት ጊዜ ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 213 በአዲስ አበባና በድሬዳዋ የሚሠራ ሲሆን፣ እኛ የምንዳኘው ክልላችን በ1995 ዓ.ም. ባወጣው የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 79 ነው፤ ሁለቱ በብዙው ይቀራረባሉ። የፌዴራሉ ሕግ በአንቀጽ 113 ላይ ፍርድ ቤት ፍቺን ሲወስን ልጆች ከማን ጋር እንደሚኖሩ፣ ስለ አስተዳደጋቸው፣ ስለ ትምህርታቸው፣ ስለ ጤናቸው፣ ስለ ቀለባቸው፣ እንዲሁም ወላጆችና ልጆች እርስ በርሳቸው ስለሚጠያየቁበት መብት አብሮ መወሰን እንዳለበት ይናገራል። እኔ ይህን ስሰማ ተደሰትሁ፤ የሚናገረው ስለ ወላጆች ነው፣ ያውም ስለ ፍቺ ነው።

ደስታዬ ግን አልቆየም። ጠበቃው ገጹን ገለጠና ሌላ ድንጋጌ አሳየኝ፤ ወደ ላይና ወደ ታች በሚቆጠሩ ዘመዶች መካከል የቀለብ ግዴታ አለ። እኔ ነገ ብታመም፣ ሠርቼ ማብላት ቢያቅተኝ፣ አማቴ አቅም እስካላቸው ድረስ ለልጄ ቀለብ እንዲቆርጡ ሕግ ሊያስገድዳቸው ይችላል። ልጄም አድጎ ራሱን ሲችል፣ እሳቸው ጦሪ ቢያጡ፣ በተራው ሊጠየቅ ይችላል። «ታዲያ» አለኝ ጠበቃው «በችግር ጊዜ እንድታበላው የምትገደድን አያት በደኅና ጊዜ ልታየው አይገባም ብለሽ ለዳኛ እንዴት ታስረጃለሽ?» መልስ አልነበረኝም። እስከ ዛሬም ይህ ክርክር ከሰማኋቸው ሁሉ የበለጠ ይከብደኛል፤ ግዴታው በደም የሚቆጠር ከሆነ ዝምድናውን የሚያኖረው መተያየትም በደም መቆጠር አለበት ብዬ አምናለሁ።

ቀጥሎ ያሳየኝ ነገር ደግሞ ጥያቄውን ከነጭራሹ ገለበጠው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ንዑስ አንቀጽ 2 ላይ ሕፃናትን የሚመለከት ማናቸውም እርምጃ ሲወሰድ የሕፃኑ ደኅንነት በቀደምትነት እንዲታሰብ ያዛል፤ ይህም ትእዛዝ ፍርድ ቤቶችን ይጨምራል። ኢትዮጵያ ያጸደቀችው ዓለም አቀፉ የሕፃናት መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 5 የሰፊውን ቤተሰብ ድርሻ ያከብራል፤ በአንቀጽ 8 ላይ ደግሞ ሕፃኑ ማንነቱን፣ ስሙንና የቤተሰብ ግንኙነቱን ጠብቆ የመያዝ መብት እንዳለው ይደነግጋል። ስምና የቤተሰብ ግንኙነት በአንድ አንቀጽ ጎን ለጎን መቀመጣቸውን ሳነብ ደነገጥሁ። እኔ የልጄን ስም ከአያቱ ልጠብቅ ስል የልጄን ዝምድና ቆርጬ ነበር፤ ሕጉ ግን ሁለቱንም የልጁ ብሎ ይጠራቸዋል። የስምምነቱ አንቀጽ 12 ደግሞ አስተያየቱን መግለጽ የሚችል ልጅ በሚመለከተው ጉዳይ ሁሉ እንዲደመጥ ያዛል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 9 ያጸደቅናቸውን ስምምነቶች የአገሪቱ ሕግ አካል ስላደረጋቸው እነዚህ ድንጋጌዎች ለጌጥ የተቀመጡ አይደሉም።

በዚህ ላይ የሰበር ውሳኔ አለ። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት በመዝገብ ቁጥር 23632 በ2000 ዓ.ም. በሰጠው ውሳኔ፣ በአንድ ወገን ልጁን ያሳደገች አክስት፣ በሌላ ወገን የወላጅነት ሥልጣኑን የጠየቀ አባት ተከራክረው ነበር። የሥር ፍርድ ቤቶች ለአባት ወስነው ሳለ ሰበር ውሳኔያቸውን ሽሮ፣ የወላጅነት ሥልጣን የልጁን ደኅንነት የሚጻረር ሆኖ ሲገኝ ሕገ መንግሥቱና የሕፃናት መብቶች ስምምነት እንደሚቀድሙ አስረዳ። የሰበር ትርጓሜ በአዋጅ ቁጥር 454/1997፣ በኋላም በአዋጅ ቁጥር 1234/2013 መሠረት በየደረጃው ያሉ ፍርድ ቤቶችን ያስገድዳል። ያ ክርክር ስለ አያትና ስለ መጎብኘት አልነበረም፤ እኔም ልጄን በደንብ የማሳድግ እናት ነኝ። ሆኖም «እናት ነኝ፤ በቃ» ማለት ብቻውን የመጨረሻ መልስ ሊሆን እንደማይችል ከዚህ ውሳኔ ተረዳሁ።

በሌሎች አገሮች ይህ ጉዳይ በምን መልክ እንደታየ ያን ሰሞን በስልኬ ሳነብ አደርሁ። ከሁሉ ያስገረመኝ የአሜሪካው ነው፤ ከእኔ ሁኔታ ጋር ይመሳሰላል። አባታቸው የሞተባቸው ሁለት ሴት ልጆች ነበሩ፤ እናታቸው የአባት ወላጆችን በወር አንድ ቀን ብቻ ይዩአቸው ስትል፣ አያቶቹ ደግሞ በየወሩ ሁለት ቅዳሜና እሑድ ከነአዳራቸው፣ በበጋ ደግሞ ሁለት ሳምንት ጠየቁ። የዋሽንግተን ክፍለ ግዛት ሕግ ማንም ሰው በማናቸውም ጊዜ እንዲህ ያለ ጥያቄ ማቅረብ እንደሚችል ይፈቅድ ነበር። ትሮክሰል እና ግራንቪል ተብሎ በሚታወቀው በዚህ ክርክር የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2000 ለእናቲቱ ፈረደ፤ ብቁ የሆነ ወላጅ ለልጁ የሚበጀውን እንደሚያደርግ መገመት አለበት፣ ዳኛም የተሻለ መስሎ ስለታየው ብቻ የወላጅን ውሳኔ በራሱ ሊተካ አይገባም ሲል። በዚያ ሌሊት ይህንን ሳነብ ያሸነፍሁ መስሎኝ ነበር። ደግሜ ሳነበው ግን ያቺ እናት በሯን ጨርሳ አልዘጋችም፤ የተከራከረችው በመጠኑ ላይ ነው። እኔ ግን ፈጽሜ ከልክያለሁ።

ፈረንሳዮች ከሌላ በኩል ይነሣሉ። የፍትሐ ብሔር ሕጋቸው አንቀጽ 371-4 ልጁ ከአያቶቹና ከእነሱ በላይ ካሉት ወላጆቹ ጋር የግል ግንኙነት የማድረግ መብት እንዳለው፣ ይህንንም መብት ሊያግድ የሚችለው የልጁ ጥቅም ብቻ እንደሆነ ይናገራል። ቀደም ሲል ድንጋጌው የተጻፈው ወላጆች ያለ ከባድ ምክንያት ይህን ግንኙነት መከልከል እንደማይችሉ በሚናገር መልክ ነበር፤ በኋላ ግን የመብቱ ባለቤት ልጁ ተደርጎ ተጻፈ። በእንግሊዝ ደግሞ አያት በአብዛኛው በቀጥታ ማመልከት አይችልም፤ በቅድሚያ የፍርድ ቤት ፈቃድ ማግኘት አለበት። ደቡብ አፍሪካ በ2005 (እ.ኤ.አ.) ባወጣችው የሕፃናት ሕግ በክፍል 23 ላይ በልጁ እንክብካቤ፣ ደኅንነት ወይም ዕድገት ጉዳዬ የሚል ማንኛውም ሰው ልጁን ለማየት ለፍርድ ቤት እንዲያመለክት ትፈቅዳለች። ለእኛ የሚስማማን የትኛው ነው ብትሉኝ፣ የፈረንሳዩን አነሣሥ ከእንግሊዙ ጥንቃቄ ጋር ማዋሐድ ነው የምለው፤ መብቱ የልጁ ይሁን፣ ነገር ግን የአዋቂዎች ቂም በልጅ ስም ወደ ችሎት እንዳይገባ ከበሩ ላይ የሚመረምር ይኑር።

በችሎቱ የመጀመሪያ ቀጠሮ ዳኛዋ የሞግዚትነቱንና የባጃጇን ጥያቄ ከማየቱ ጥያቄ ለየችው። ከዚያም ልጁ እንዲቀርብ አዘዘች። እኔ ያሰብሁት በችሎት መሐል አቁመው «እናትህን ነው አያትህን?» ብለው እንደሚጠይቁት ነበር፤ ሌሊቱን አልተኛሁም። የሆነው ግን በቢሮዋ፣ እኔም አማቴም በሌለንበት፣ አንዲት የማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያ ባለችበት ነበር። በኋላ ባለሙያዋ እንደነገረችኝ፣ ልጄ ስለ አያቱ ሲጠየቅ መጀመሪያ «እማዬ ታዝናለች» አለ። ጥቂት ቆይቶ ደግሞ «የእማማ ጊደር ወለደች?» ብሎ ጠየቀ። ከሁለት ዓመት በፊት ያያትን ጊደር ሆዷ እስኪገፋ ድረስ ሲከታተላት ኖሮ መውለዷን ሳያይ እንደለየሁት ያወቅሁት በዚያ ቀን ነው። በቤት ውስጥ አንድም ቀን አንሥቶብኝ አያውቅም። ልጅ ዝም ያለበትን ነገር ረስቶታል ማለት እንዳልሆነ፣ ዝም ያለውም ለእኔ ሲል እንደነበር ተረዳሁ።

ዳኛዋ ውሳኔ ከመስጠቷ በፊት በስምምነት እንድንጨርስ ጊዜ ሰጠችን። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ከአንቀጽ 274 ጀምሮ ተከራካሪዎች በማንኛውም ጊዜ በስምምነት ጉዳያቸውን እንዲጨርሱና ስምምነቱ በፍርድ ቤት እንዲመዘገብ ይፈቅዳል። እንዲህ የተመዘገበ ስምምነት እንደ ሽማግሌዎቹ እርቅ በቃል አይንሳፈፍም። ሦስተኛ ጊዜ ሽማግሌዎቹን ሰበሰብን፤ በዚህ ጊዜ ግን ወረቀትና እስክሪብቶ ይዘን ነበር።

የስምምነቱን ይዘት በዝርዝር የምጽፈው ለሌሎች ይጠቅማል ብዬ ነው። ልጁ በየአስራ አምስት ቀኑ ቅዳሜ ከጠዋቱ አራት ሰዓት እስከ ከሰዓት አሥር ሰዓት ከአያቱ ጋር ይውላል። እኔ ፒያሳ ድረስ አመጣዋለሁ፤ እሳቸው ከዚያ ተረክበው ቁስቋም ግርጌ ወዳለው ቤታቸው ይወስዱታል፤ ሲመለስም እንዲሁ። ዋርሳዬ በርክክቡ ላይ አይገኝም። ልጁ ከታመመ በዋዜማው ይነገራል፤ ያለፈውም ቀን በሚቀጥለው ሳምንት ይካካሳል። ለከተራና ለጥምቀት አንድ ዓመት ከእሳቸው፣ አንድ ዓመት ከእኔ ጋር ይሆናል። በሁለቱም ቤት ስለ ሌላው ክፉ አይወራም፤ ልጁም መልእክት አያመላልስም። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቅዳሜዎች እኔ ባለሁበት ይሆናሉ፤ ልጁ ሁለት ዓመት ያላየውን ቤት በድንገት እንዳይፈራው። አዳር ለጊዜው አይኖርም፤ ከአንድ ዓመት በኋላ እንነጋገርበታለን።

የመጨረሻዋን መስመር ያስገባሁት እኔ ነኝ፤ ልጁ በስሙ ይጠራል። ይህ ሲነበብ አማቴ ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ «ልጄ፣ ይህም በዳኛ ይጻፍ?» አሉኝ። «እርስዎ ካሉኝስ አይጻፍም» አልኋቸው። «አይ፣ ይጻፍ። ካልተጻፈ ከአፌ ያመልጠኛል» አሉ። እስከዚያ ቀን ድረስ «ምትኬ» የሚለው ስም ከአፋቸው የሚወጣው እኔን ለመውጋት ይመስለኝ ነበር። እሳቸውም ለምን እንደሚያስቆጣኝ ከእኔ ሰምተው አያውቁም ነበር፤ አልነገርኋቸውማ።

የመጀመሪያው ቅዳሜ እንዳሰብሁት አልነበረም። ልጄ ከእግሬ አልለይ ብሎ ቀሚሴን ይዞ ቆመ፤ አማቴም ሊያቅፉት ሲጠጉ ሸሸ። እሳቸው አላለቀሱም፤ ሊጎትቱትም አልሞከሩም። ከደጃፉ ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጡና የነጠላቸውን ጫፍ ፈትተው የሽንብራ ቆሎውን መላጥ ጀመሩ፤ የላጡትን በመዳፋቸው ላይ ይደረድሩታል እንጂ ና አይሉትም። ሃያ ደቂቃ ያህል እንዲህ ሆነ። ከዚያ ልጁ ቀሚሴን ለቀቀና ሄዶ ከመዳፋቸው አንዷን አነሣ። ጊደሪቱ የወለደችው ጥጃ በዚያን ጊዜ ሌላ ጊደር ሆና ከጓሮ ታስራ ነበር።

አሁን በሌላ በኩል ያለውን ማንሣት አለብኝ፤ አለበለዚያ ጽሑፌ ሚዛን ያጣል። የአያት ቤት ሁሉ ለልጅ ደኅና አይደለም። በገጠሩ የዞናችን ክፍል የልጅ ልጃቸውን ገና በልጅነቷ ለመዳር የሚስማሙ አያቶች ዛሬም አሉ፤ የጋብቻ ዕድሜ በሕግ 18 ዓመት መሆኑን ቢያውቁም። ልጁን ደብቀው ለእናት አንመልስም የሚሉ፣ የሚደበድቡ፣ ጠጥተው የሚሳደቡ አሉ። እንዲህ ያለ ነገር ያለባት እናት በሯን ብትዘጋ አልወቅሳትም፤ የልጁ ደኅንነት በቀደምትነት ይታሰብ የሚለው ያው ድንጋጌ ከእሷ ጋር ይቆማል። የምለምናት፣ ፍርሃቷን በስሙ ጠርታ ለዳኛ ወይም ለሽማግሌ እንድትናገር ነው። «አዳር አይኑር»፣ «እገሌ ባለበት አይሁን»፣ «እኔ ባለሁበት ይሁን» ተብሎ ሊጠበቅ የሚችል ፍርሃት አለ፤ በምንም ዓይነት ቅድመ ሁኔታ የማይጠበቅም አለ። የእኔ ከመጀመሪያው ዓይነት ነበር፤ እኔ ግን እንደ ሁለተኛው አድርጌ ያዝሁት።

ከእኔ በባሰ ሁኔታ ውስጥ ያሉ አያቶችም በሰፈራችን አሉ። ልጃቸው ወደ ዓረብ አገር ስትሄድ ጡት ያልጣለ ሕፃን ትታላቸው፣ እሳቸው አምስት ስድስት ዓመት አሳድገው፣ እናቲቱ ስትመለስ ልጁን በአንድ ቀን ይዛ ወደ ሌላ ከተማ የምትሄድባቸው። ሕጉ ለእናቲቱ የሚያዳላ ይመስላል፤ እናትነቷም እውነት ነው። ለዚያ ልጅ ግን እስከዚያ ቀን ድረስ «እናቴ» የምትባለው አያቱ ናት። እንዲህ ያሉ አያቶች ከመጠየቅ ያፍራሉ፤ «በገዛ ልጄ ላይ እንዴት ልክሰስ?» ይላሉ። ሲጠይቁም ልጁን እንዲመለስላቸው ይጠይቃሉ፤ ያንን ሲከለከሉ ሁሉንም ያጣሉ። ልጁን ለማየትና ድምፁን ለመስማት ቢጠይቁ፣ ቀኑንና ሰዓቱንም ቢቆርጡ፣ የሚሰማቸው ዳኛም ሽማግሌም ያገኛሉ ብዬ አስባለሁ።

ስለዚህ ወደ ፍርድ ቤት የምትሄዱ አያቶች ካላችሁ ማመልከቻችሁን ስታስጽፉ ከንብረት ክርክር ለዩት፤ የአማቴን አቤቱታ መጀመሪያ ያበላሸው ያ ነበር፣ የእኔንም ጥርጣሬ ያጸናው እሱ ነው። ልጁን ከዚህ በፊት ምን ያህል ታዩት እንደነበር፣ ማን እንደሚያውቅላችሁ፣ መቼና እንዴት ልታዩት እንደምትፈልጉ ጻፉ። በልጁ ላይ ያላችሁን ፍቅር ዳኛው አይጠራጠርም፤ የሚመዝነው መተያየቱ ለልጁ የሚያመጣውን ነው። እናቶችና አባቶች ደግሞ መጥሪያ እስኪመጣ አትጠብቁ። ከሐዘኑ ወይም ከፍቺው በኋላ ያለው የመጀመሪያው ዓመት ሳያልፍ ቀንና ሰዓት ያለው ነገር ተነጋገሩ፤ ልጁ ባለበት ሳይሆን ብቻችሁን።

የእኛ ወረቀት በመጽሐፍ ቅዱሴ ውስጥ ተጣጥፎ ይቀመጣል። ባለፈው ጥር ተራው የእሳቸው ነበርና ልጄ ከአያቱ ጋር ወደ ጥምቀተ ባሕሩ ወረደ፤ እኔ ከሩቅ፣ ከዛፎቹ በታች ቆሜ አየኋቸው። አሁን ሰባት ዓመቱ ስለሆነ አላዘሉትም፤ እሱ ነበር ክንዳቸውን ይዞ በሕዝቡ መሐል መንገድ የሚያስለቅቅላቸው። በስሙ ሲጠሩት ሰማሁ። ከዚያ ደግሞ ሰው ሲበዛባቸው ተደናግጠው «ምትኬ!» ብለው ጮኹ፤ ልጄ «አለሁ፣ እማማ» አላቸው። በሚቀጥለው ቅዳሜ ይህንን አነሣለሁ ብዬ ነበር፤ አላነሣሁትም።

ክረምቱ ሲገባ ትምህርት ይዘጋል፤ ወረቀቱም በወሰነው መሠረት ስለ አዳር የምንነጋገርበት ጊዜ ደርሷል። ልጄ ሦስት ሌሊት ይበቃኛል ይላል፤ እኔ አንድ ሌሊት እያልሁ ነው። አማቴ እስካሁን ምንም አልጠየቁም። ነገ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ከአዘዞ ተነሥቼ እሳቸው ቤት እሄዳለሁ፤ ወረቀቱንም እይዘዋለሁ።